የሠራሁበት ፊልም ሊመረቅ ነው፤ ካሜራዬን ይዤ ልሂድ ወይስ እንደ እንግዳ ልቀመጥ?

ሠላሳ አምስት ሚሊ (ክሩን የከፈተች) — ማክሰኞ ምሽት

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ከሙያ አጋሮቼ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ተግሣጽም ቢሆን አልጠላም።

በግል ገንዘብ በተሠራ አንድ ፊልም ላይ የስቲል ፎቶግራፍ ባለሙያ ነበርኩ፤ ፊልሙ ሲቀረጽ ለፖስተርና ለማስታወቂያ የሚሆነውን ፎቶ የማነሳው እኔ ማለት ነው። ስፖንሰር የለውም፤ ከጀርባው የቆመ ትልቅ ድርጅትም የለም። ዳይሬክተሩ መኪናውን ሸጦ፣ ተዋንያኑ ክፍያቸውን በዱቤ ትተው ነው የሠሩት። ቀረጻው የተካሄደው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ሰፈሩ በ2016 ከመፍረሱ በፊት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ገንዘብ ሲገኝ ወደ ኤዲቲንግ እየገባ፣ ገንዘብ ሲያልቅ ሃርድ ዲስክ ውስጥ እየተኛ ቆየና ይኸው በኅዳር መጨረሻ ብሔራዊ ቴአትር እንዲመረቅ ቀን ተቆረጠለት።

የጥሪ ካርዱ ደረሰኝ። ስሜ በእጅ ጽሑፍ፣ ያውም ፊደል ሳይሳሳት ተጽፎበታል። ካርዱን ለእናቴ አሳይቼ ሳልጨርስ ፕሮዲዩሰሩ በቴሌግራም አንድ መስመር ላከልኝ፦ «ካሜራሽን እንዳትረሺ።» በቃ። ስለ ክፍያ አልተነሳም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማንን እንደማነሳ፣ ፎቶው ለምን እንደሚውልም አልተነሳም።

ቅር ያሰኘኝ ሥራው አይደለም። ተዋንያኑ ሲለማመዱ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዝናብ ሲያባርረን፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ ልክ «ቀረጻ!» ሲባል ጠብቆ ሲጮህ እዚያው ነበርኩ። ፊልሙን ግን እስካሁን አላየሁትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሰው ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ የዚያን ዕለት ካሜራ ሳልይዝ ብሄድ እጄ ሲበላኝ እንደሚያመሽ አውቀዋለሁ።

እናንተ በሠራችሁበት ፊልም ምርቃት ላይ እንዴት ነው የምትሆኑት?

የፊት ረድፍ — ማክሰኞ ምሽት

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ስለ ፎቶ የማውቀው ነገር የለም፤ እኔ ተመልካች ነኝ። ዶሮ ማነቂያን በትልቅ ሸራ ለማየት ስል ብቻ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ይጀምራል?

ሠላሳ አምስት ሚሊ — ማክሰኞ ምሽት

ካርዱ 11 ሰዓት ይላል። የእኛ አገር ምርቃት ስለሆነ 12 ተኩል ብለህ ያዘው።

ሁለት ካሜራ — ማክሰኞ ሌሊት

ሂጂ፤ ካሜራውን ግን ቤት ትተሽው ሂጂ።

የሠርግ ሰሞን ከሳምንት በፊት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ የከረመች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? በሠርጉ ቀን ከድንኳኑ ጀርባ ጭስ ስትጠጣ ትውላለች፤ ስሟ የሚጠራው ወጥ ሲያንስ ነው። ፕሮዲዩሰሮች እኛን የሚያዩን እንዲሁ ነው። ቀረጻ ላይ «አንድ ፎቶ ብቻ» ይሉሻል፤ ፖስተር ሲሠራ «አንድ ፎቶ ብቻ» ይሉሻል፤ በምርቃቱ ዕለትም «አንድ ፎቶ ብቻ» እያሉ ፊልሙ ሲያልቅ አንቺ ገና ደጃፉ ላይ ነሽ።

ደግሞስ ቀይ ምንጣፍ ላይ ምን አለ? ስልክ የያዘ ሁሉ ያነሳዋል። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ የሚሞላው ያው ነው፤ ባነር፣ ወገብ ላይ የተደረገ እጅ፣ ወደ ተለያየ ስልክ የሚያዩ ዓይኖች። ለዚያ አንቺ አታስፈልጊም።

የምርት ክፍል — ረቡዕ ጠዋት

ፕሮዲዩሰር ነኝ። የእሷ ፕሮዲዩሰር አይደለሁም፤ ግን ድንጋይ ከመወርወራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል።

በግሉ ፊልም የሚሠራ ሰው በምርቃቱ ሳምንት የራሱን ስም ይረሳል። የአዳራሹ ኪራይ አለ፣ የባነሩ ኅትመት አለ፣ ፊልሙ በአዳራሹ ፕሮጀክተር በትክክል ድምፅና ምስል ማውጣቱ ገና አልተፈተሸም፣ የክብር እንግዳው ይመጣሉ አይመጡም አይታወቅም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተኝቶ «ፎቶውስ?» ብሎ ብድግ ይላልና አንድ መስመር ይጽፋል። ያቺ መስመር ንቀት አይደለችም። ቤተሰብ ነሽ ማለት ናት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ዛሬ የቀረጻ ካሜራው 4ኬ ነው። ለፖስተር የሚሆን ምስል ከቪዲዮው ላይ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። አቅሙ ትንሽ የሆነ ፕሮዳክሽን ስቲል ፎቶ አንሺ ሲይዝ ከሌላ ነገር ቀንሶ መሆኑን እወቁለት።

የፊልም ዘመን ሰው — ረቡዕ ከሰዓት

የምርት ክፍል፣ ስለ ድካምህ የጻፍከውን አምኜ ተቀብያለሁ። «ከቪዲዮው ቆርጦ ማውጣት» የምትለዋን ግን አልለቅልህም።

4ኬ ብለህ የምትጠራው ብዙውን ጊዜ 3840 በ2160 ነጥብ (ፒክስል) ነው፤ ሲባዛ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። አንድ ኤ3 ፖስተር በኢንች 300 ነጥብ ለማተም ከ17 ሚሊዮን በላይ ያስፈልግሃል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ ባነሰም ይሠራል ትለኛለህ፤ ልክ ነህ። መጽሔትና የፊልም ፌስቲቫል ካታሎግ ግን ከቅርብ ነው የሚታየው። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ክፈፍ (ፍሬም) ሲቀረጽ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ክፈፍ ለ1/48 ሰከንድ ያህል ብርሃን ይቀበላል። በእንቅስቃሴ ላይ ለዓይን የሚመች እርሱ ነው። ተዋናይዋ እጇን ስታወናጭፍ ያንን ክፈፍ ነጥለህ ብታወጣው ግን እጇ ጭጋግ ነው። ስቲል ፎቶ አንሺዋ በ1/250 ሰከንድ ስታነሳው ጣቶቿ ይቆጠራሉ።

ልጄ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። እኔ ያደግሁት ፒያሳ ነው። በልጅነታችን ሲኒማ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚለጠፉ የፊልም ፎቶዎች ነበሩ። የመግቢያ ሳንቲም የሌለን ልጆች ፎቶዎቹን ተራ በተራ እያየን ታሪኩን ራሳችን እንፈጥር ነበር። በኋላ ገንዘብ አግኝቼ አንዳንዶቹን ፊልሞች ሳያቸው የእኔው ታሪክ የሚሻልበት ጊዜ ነበር። ያንን ፎቶ ያነሳው ሰው ማን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ሥራሽን አታሳንሺው።

አሁን ተግባሩ። ቀይ ምንጣፉን ለስልኮቹ ተዪላቸው፤ በዚህ ሁለት ካሜራ ትክክል ነው። አንቺ የቀረጻ ቡድኑን ሰብስበሽ ውጪ አንሺ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ25 ዓመት የንግሥ በዓል በ1948 የቆመ። ያማረ ቦታ ነው፤ ካሜራን ግን ያታልላል። ድንጋዩ ጥቁር ስለሆነ ካሜራው የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምርና አንበሳውን ግራጫ፣ ሰማዩን ባዶ ወረቀት ያደርገዋል። ከአንበሳው ፊት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከቆመች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንስና ፊቷን ያጠቁረዋል። ካሜራው የሚነግርሽን ትተሽ ብርሃኑን ፊት ላይ ለኪ። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ምሽቱ አይለማመጥም፣ ከጠለቀች ወዲያው ይጨልማል። ሰዉን 11 ሰዓት ላይ ካልሰበሰብሽ ቀረብሽ።

ሠላሳ አምስት ሚሊ — ረቡዕ ምሽት

አባቴ፣ ይህን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምከተው። ከልቤ አመሰግናለሁ።

የምርት ክፍል፣ ቤተሰብነቱን አልጠላሁትም። ቤተሰብም ቢሆን የትራንስፖርት ይሰጣል።

አንቀጽ — ረቡዕ ሌሊት

የሕግ ሰው ነኝ፤ ፎቶ ማንሳት አልችልም። ግን እዚህ ክር ላይ ማንም ያላነሳው ነገር አለ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል፤ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር። ስለዚህ «ካሜራሽን እንዳትረሺ» ትእዛዝ ነው ከተባለ የምሽቱ ፎቶ የፕሮዲዩሰሩ ነው። እንግዳ ሆነሽ ሄደሽ በራስሽ ፈቃድ ካነሳሽው ግን የአንቺ ነው።

ሌላም አለ። አዋጁ ፎቶግራፍን ከሌሎች ሥራዎች በተለየ ዓይን ነው የሚያየው። ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የሠራው ሰው ወይም ወኪሉ ምልክት ወይም ስምና አድራሻ ሲኖርበት ነው። ዘመኑም አጭር ነው፤ ለደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክር ይፈልጋል፤ እኔ አይደለም ባይ ነኝ።

ሁለት ካሜራ — ረቡዕ ሌሊት

ስለዚህ በነፃ ትሠራለች፤ ፎቶውም የሰው ይሆናል። እግዚኦ!

አንቀጽ — ረቡዕ ሌሊት

ያቺ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት አይደለችም በሚለው ላይ ሁለት ጠበቆች ዓመት ሊከራከሩ ይችላሉ። ከዚያ ሁሉ ግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ጨለማ ቤት — ሐሙስ ጠዋት

የመድረክ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ኑሮዬ አዳራሽ ውስጥ ነው። የውሉን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ ብርሃን ልጻፍ።

ደጃፉ ላይ ባነሩን የሚያበሩት መብራቶች ኤልኢዲ ከሆኑ ተጠንቀቂ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከመስመሩ ጋር የሚርገበገብ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደበዝዛል። በ1/100 ወይም በ1/50 ሰከንድ ካነሳሽ ሰላም ነው፤ ከዚያ ካፈጠንሽ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ቢጫ ይወጣብሻል። ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር (ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው የካሜራ ክፍል) ደግሞ በእንዲህ ያለ መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ሰንበር ይጥላል። ስለዚህ ደጅ በሜካኒካል ሹተር፣ ውስጥ በጸጥተኛው።

ትኩረት ለማግኘት ካሜራው የሚረጨውን ቀይ መብራት አጥፊው። ይህን ሳያጠፋ አዳራሽ የሚገባ ፎቶ አንሺ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የኋላ ስክሪኑንም አጥፊው፤ በጨለማ ውስጥ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይታያል። ፍላሽ አታብሪ ማለት አያስፈልገኝም ብዬ አስባለሁ።

አሁን ዋናው። አዳራሽ ውስጥ የተመልካቹን ፊት የሚያበራው ሸራው ነው። ፊልሙ ውስጥ ሌሊት ከሆነ ምንም አታገኚም፤ ቀን ሲሆን፣ በተለይ ከጨለማ ክፍል በድንገት ወደ ቀትር ፀሐይ ሲቆረጥ፣ ፊት ሁሉ ብቅ ይላል። ይህ ብርሃን አንዳንዴ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ሌላ ፎቶ አንሺ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። አንቺ ግን ኤዲተሩን ታውቂዋለሽ። ደውለሽ የቀን ትዕይንቶቹ የት የት እንደሆኑ ጠይቂው። በ1/50 ሰከንድ፣ ሌንሱን በኤፍ 1.8 በሰፊው ከፍተሽ፣ የብርሃን ስሜቱን (አይኤስኦ) 6400 አካባቢ አድርገሽ ሞክሪ።

ድምፅ ያዥ — ሐሙስ ከሰዓት

ጨለማ ቤት የተናገረው ላይ ልጨምር፦ ሲያነሳ ውስጡ ያለው መስታወት የሚጮህ የድሮ ካሜራ ይዘሽ እንዳትገቢ። ቀረጻ ላይ በሹተር ድምፅ ስንት ጥሩ ትወና እንደተበላሸብን እኔ ነኝ የማውቀው። ፊልሙ ውስጥ ዝምታ ካለ፣ ዝምታውንም የሠራነው እኛ ነን።

የፊት ረድፍ — ሐሙስ ምሽት

እኔ ቲኬቴን ይዣለሁ። ፈንዲሻ ድምፅ አለው ወይ?

ሠላሳ አምስት ሚሊ — እሑድ ጠዋት

ተመረቀ!

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ። ዓርብ ዕለት ፕሮዲዩሰሩን አገኘሁትና ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጠሁት። አዳራሹ ውስጥ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ተከፋይ ነኝ፤ ከጠፋ በኋላ እንግዳ ነኝ። ውስጥ የማነሳው የእኔ ሆኖ ፊልሙን ለማስተዋወቅ ስሜን ጠቅሰው መጠቀም ይችላሉ። ግማሽ ክፍያ አስቀድሞ፣ ግማሹ ፎቶውን ሳስረክብ። አንብቦ ሳቀና «ይህን ያህል ፈርተሽኛል?» አለኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን የፖስተሩ ጥቅል ላይ ደግፎ ፈረመ። አላኮረፈም። የገንዘቡን ልክ አልናገርም፤ አያኮራም፣ አያሳፍርምም።

11 ሰዓት ላይ ቡድኑን አንበሳው ሥር ሰበሰብኩ። ተዋንያኑ አልደረሱም፤ ሜካፕ ላይ ናቸው ተባለ። መጀመሪያ የደረሱት ሾፌሩ፣ የመብራት ልጆቹና ቀረጻ ላይ ሻይ ታፈላልን የነበረችው እትዬ ናቸው። እትዬን ማንም አላወቃትም። ያኔ ሁልጊዜ ከከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ሻሽ አስራ፣ ሹራብ ደርባ ነው የምናውቃት፤ አሁን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ወርቋን አድርጋ መጣች። የአንበሳው ጥቁረት በአንድ በኩል፣ የቀሚሷ ንጣት በሌላ በኩል፣ ፊቷ መሀል ላይ። አባቴ እንዳሉት ፊቷ ላይ ለካሁ። ያም ሆኖ ከአንገቷ ሥር ጥላ ወደቀ፤ ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ የመብራት ባለሙያው የእትዬን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ተቀበለና በሁለት እጁ ወጥሮ ከታች ይዞ ብርሃኑን መለሰልኝ። ጥላው ለቀቀ። ጥለቱ ጣቶቹ መሀል ተጨምድዶ በፎቶው ጥግ ይታያል፤ ቆርጬ አላወጣውም።

ቀይ ምንጣፉ እንደተባለው ነበር። አለፍኩት።

ውስጥ ከመጀመሩ በፊት የመድረክ መሪው «በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ከግድግዳው በኩል ለጥቂት ደቂቃ ፎቶ ይነሳል፤ የማይፈልግ ሰው እጁን ያሳይ» ብሎ አሳወቀ። እጃቸውን ያሳዩ ነበሩ፤ ያሉበትን ረድፍ ያዝኩ። ኤዲተሩ የቀን ትዕይንቶቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ፊቴን ወደ ተመልካቹ አዞርኩ።

ፊልሙ ውስጥ ረጅም የሌሊት ትዕይንት አለ፤ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሻማ፣ ሁለት ሰው። አዳራሹ ድቅድቅ ነው። ከዚያ በር ይከፈትና ዶሮ ማነቂያ በቀትር ይመጣል፤ ቆርቆሮው፣ የድንጋይ ደረጃው፣ በሽቦ የተሰጣው ልብስ። ብርሃኑ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ በአንድ ጊዜ ገባ። ያኔ ከመሀል አንድ ድምፅ «ያ የእኛ በር ነው!» አለ። ሌላው «የታለ?» አለ። ሦስተኛው ብድግ ብሎ በጣቱ እያሳየ ቆመ፤ ከኋላው ያሉት «ተቀመጥ እንጂ!» እያሉ እነርሱም አንገታቸውን ያስረዝማሉ። ቤቱ አሁን የለም፤ ሰዎቹ ግን ሸራው ላይ በጣት እያመለከቱ ይፈልጉታል። ትዕይንቱ እስኪያልቅ ጣቴን ከሹተሩ ላይ አላነሳሁም።

ከዚያ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ስለ ፊልሙ አልጽፍም፤ አድልዎ ይሆናል። ይህን ብቻ ልበል፦ ተዋናይዋ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የምታለቅስበት ቦታ ሰዉ ሁሉ እንባውን ሲጠርግ እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ከክፈፉ በታች፣ እግሯ ሥር፣ ድምፅ ባለሙያው በጀርባው ተንጋሎ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ወደ ላይ ይዞ ነበር። ፎቶው አለኝ።

ድምፅ ያዥ — እሑድ ጠዋት

ማን እንደሆነ ባላውቅም ያ ሰው ወንድሜ ነው። ጀርባው እስካሁን ያመዋል፤ እርግጠኛ ነኝ።

ጥግ ወንበር — እሑድ ረፋድ

ትናንት እዚያው ነበርኩ። ፊልሙ ጥሩ ነበር። ስለ ፎቶው ግን ደስ አላለኝም፤ በግልጽ ልናገረው።

ሲኒማ የምገባው ለጨለማው ጭምር ነው። እዚያ ውስጥ ማንም ሳያየኝ ላለቅስ፣ አፌን ከፍቼ ላፈጥ፣ እንቅልፍም ቢወስደኝ ልተኛ እችላለሁ። ከተከፈለበት ነገር አንዱ እርሱ ነው። «እጁን ያሳይ» ሲባል ስንቱ ሰው ነው በተሰበሰበ ሕዝብ መሀል እጁን የሚያወጣው? እኛ ይሉኝታ የምናበዛ ሰዎች ነን። እጅ አለማውጣት ፈቃድ አይደለም። ሴትየዋ ክፉ አስባለች አልልም፤ ሲያነሱም አልረበሹም። ግን እኔ ያለሁበት ፎቶ ካለ አይውጣብኝ።

አንቀጽ — እሑድ ረፋድ

ጥግ ወንበር የሚሉት መሠረት አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ከፈቃድ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ሰው ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ፎቶው ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲጠቅም፣ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን። የፊልም ምርቃት በአደባባይ የተደረገ ነገር ነው የሚል ክርክር ያስኬዳል። አዳራሹን በሙሉ የሚያሳይ ፎቶ ላይ እኔ አልሠጋም። የአንዲት የምታለቅስ ሴት ፊት ብቻውን ተነጥሎ ከወጣ ግን ክርክሩ ይሳሳል።

የፊልም ዘመን ሰው — እሑድ እኩለ ቀን

ከጥግ ወንበር ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ግማሹ እንዲህ ነው፦ እነዚያ ሰዎች ሸራው ላይ በራቸውን ሲያገኙ የሚያሳይ ፎቶ ባይነሳ ኖሮ ነገሩ መሆኑን የሚያውቀው በአዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነበር። ፈቃዱ ግን ከተነሳ በኋላም ሊጠየቅ ይችላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ የሚከብድ አይደለም።

ሠላሳ አምስት ሚሊ — እሑድ ከሰዓት

ጥግ ወንበር፣ አመሰግናለሁ፤ በግል መልእክት የተቀመጡበትን ረድፍ ቢነግሩኝ ፎቶውን ልኬልዎት እርስዎ ይወስናሉ። እስከዚያ የሚወጣው የአዳራሹ ሰፊ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ፊት የማይለይበት። ነጠላ ፊቶቹን ያለ ፈቃድ አላወጣም። ለፕሮዲዩሰሩም ይህንኑ ነግሬዋለሁ፤ እንደገመታችሁት መጀመሪያ የጠየቀው የሚያለቅሱትን ነበር።

ብድግ ብለው በጣታቸው ያሳዩትን አባት ግን ያኔውኑ ደጅ አገኘኋቸው። የቀረጻው ቤት ባለቤት ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ነው የጋበዛቸው። አሁን የሚኖሩት ከመሀል ከተማ ርቀው ነው። ፎቶውን በካሜራው ስክሪን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብዙ አዩት። «በስልክ ልላክልዎት?» ስላቸው «ስልክ አይደለም፤ በወረቀት አውጥተሽ አምጪልኝ። የበሩንም ካለሽ» አሉኝ። የበሩ አለኝ፤ ቀረጻ ላይ ያነሳሁት፣ እርሳቸውም ደፉ ላይ የቆሙበት።

የአዳራሹ ፎቶ አይኤስኦ 6400 ስለሆነ ጥራጥሬ (ምስሉን የሚያሻክሩ ነጠብጣቦች) በዝቶበታል። ጨለማ ቤት፣ በምን መጠን ላሳትመው? ላጽዳው ወይስ ልተወው?

ጨለማ ቤት — እሑድ ከሰዓት

ብዙ አታጽጂው። ኮምፒውተር ላይ አጉልተሽ የምታይው ጥራጥሬ ወረቀት ላይ አብዛኛው ይጠፋል። አጥብቀሽ ካጸዳሽው ግን የሽማግሌው ቆዳ ሰም ይመስላል። ካሜራሽ ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ከሆነ እስከ 50 በ33 ሴንቲ ሜትር በ300 ነጥብ ይወጣልሻል፤ ለግድግዳ 30 በ20 ይበቃቸዋል። የማያብረቀርቅ ወረቀት ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ላይ ጨለማው ክፍል የመስኮት ነጸብራቅ ይይዛል። ደግሞ ወረቀት ሁልጊዜ ከስክሪን ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከመላክሽ በፊት ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ አንድ ትንሽ ሙከራ አሳትመሽም እይው።

የፊልም ዘመን ሰው — እሑድ ምሽት

ከጀርባው ቀኑን፣ ቦታውንና ስምሽን ለስለስ ባለ እርሳስ ጻፊበት። እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ውሎ አድሮ ወደ ፊት ያልፋል።

አንቀጽ — እሑድ ምሽት

አድራሻም ጨምሪበት።

ሠላሳ አምስት ሚሊ — እሑድ ምሽት

እሺ፣ ሁሉንም እጨምራለሁ። የኅትመቱን ግን ነገ ነው የማዝዘው፤ ሁለተኛው ግማሽ ክፍያ ገና አልገባም።

የምርት ክፍል — እሑድ ምሽት

ስለ ሙያ ባልደረባዬ ልመልስ፦ እሑድ ባንክ ዝግ ነው።

ሁለት ካሜራ — እሑድ ምሽት

ቴሌብር አይዘጋም።